ያውቁ ኖሯል? አለቃ የሌለው የጌም ድርጅት

በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ የሚገኘው የቪዲዮ ጌም ሠሪ ሞሽን ትዊን አለቃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ይህ ድርጅት ንብረትነቱ የሠራተኞቹ ነው። ኮድ ጻፊውም ሠዓሊውም እኩል ደመወዝ ያገኛሉ፤ ውሳኔ ላይም ድምፃቸው እኩል ነው።

ለዓመታት እንጀራው በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ የሚከፈቱ ጌሞች ነበሩ። ሃክስ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም የተወለደው እዚሁ ነው። ተጫዋቹ ወደ ስልክ ሲዞር ግን ገበያው ቀዘቀዘ። ጥቂት ባልደረቦች ያኔ የቀራቸውን ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ ጣሉ። ሥራው ሲጀመር የዞምቢ መንጋን ከምሽግ ሆኖ መመከት ነበር፤ እየተሻሻለ ሄዶ ዴድ ሴልስ ሆነ። የሞተ ሁሉ ከመጀመሪያው የሚጀምርበት፣ ተጫዋቹ የሚያልፍበት ግንብም በየዙሩ የሚለዋወጥበት ጌም ነው። በ2018 ተጠናቆ ሲወጣ በዚያው ዓመት በዘ ጌም አዋርድስ የምርጥ አክሽን ጌም ሽልማትን ወሰደ። በ2023 ሽያጩ 10 ሚሊዮን ቅጂ ደርሶ ነበር።

ስኬቱ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ሁሉም እኩል በሚወስንበት ቤት ብዙ ሰው መቅጠር ይከብዳል። ስለዚህ ዴድ ሴልስን የማሳደጉ ሥራ እንደማንኛውም ኩባንያ አለቃ ላለው ለሌላ ድርጅት ተሰጠ። የዚያ ድርጅት ስም ኢቪል ኢምፓየር ነው፤ «ክፉው ግዛት» ማለት ነው!