የአሮጌው ሬዲዮ ቲዩብ፦ እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ተፈትሾ ይሸጣል?

ቡራዩም ሆነ ገፈርሳ፣ «ቁራሌው!» የሚለው ጥሪ በበር ሲያልፍ ከቤት ከሚወጡት ዕቃዎች አንዱ ያ ትልቁ የእንጨት ሬዲዮ ነው። ፊሊፕስ ወይም ግሩንዲግ ይሆናል፤ ድምፁ ከጠፋ ዘመን አልፎታል። ቁራሌው ጀርባውን ከፍቶ አያይም። ክብደቱን በዓይኑ መዝኖ ዋጋ ይጠራል፣ ሬዲዮው ወደ ምን አለሽ ተራ ይጓዛል፣ እዚያም መዳቡ ለብቻ ብረቱ ለብቻ ይለያል። ውስጡ የነበሩት የመስታወት ቲዩቦች ይሰበራሉ። ከሬዲዮው ሁሉ የተሻለ ዋጋ የሚያወጡት እነሱ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። «ሊሆኑ ይችሉ ነበር» ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ ቲዩብ ስላረጀ ብቻ ውድ አይሆንም፣ ተለክቶ ነው ዋጋ የሚያገኘው።

ለመለካት ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቲዩብ ማለት አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ጠርሙስ ነው። መካከሉ ላይ ካቶድ የሚባል ቀጭን የብረት ቱቦ ቆሟል፤ ውስጡ ያለው ሂተር ሲያግለው ኤሌክትሮኖች ከላዩ ይለቀቃሉ። ዙሪያውን የከበበው አኖድ ደግሞ 250 ቮልት ያህል ፖዘቲቭ ስለሚሰጠው ወደ ራሱ ይስባቸዋል። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 የሠራው ይህን መሰል ባለ ካቶድና አኖድ ቲዩብ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በሁለቱ መካከል ግሪድ የሚባል ሽቦ ጨመረበት፤ የሬዲዮና የማጉያ ታሪክም ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ግሪዱ ኔጌቲቭ ቮልት ሲበዛበት ኤሌክትሮኖቹን ያፍናል፣ ሲቀንስለት ይለቃቸዋል። ግድቡን ለሚያውቅ የገፈርሳ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፦ የግድብ መዝጊያ በትንሽ ጉልበት ከፍና ዝቅ እያለ ከኋላው የተጠራቀመውን ውኃ ሁሉ እንደሚያዝዝ፣ ግሪዱም በአንድ ቮልት እንቅስቃሴ ብዙ ከረንት ያዝዛል። ደካማው የአንቴና ምልክት ክፍሉን የሚሞላ ድምፅ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ይኸው ዘዴ በግዙፍ መጠኑ ለቡራዩና ለአካባቢው ከተሞች ሩቅ አልነበረም። በየካቲት 1955 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የመረቁት የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሚያወጡ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎቹን የተከለው ከሰበታ ብዙም በማይርቀው ጌጃ ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። የማሠራጫ ቲዩብ ግን የጓዳ ንግድ አይደለም። አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ አንዳንዶቹ ነጭ የሴራሚክ አካላቸው ከተሰበረ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቤሪሊየም ይይዛል። እንዲህ ያለ ነገር እጅዎ ቢገባ አይስበሩት፣ አይሞርዱት።

ወደ ሬዲዮው እንመለስ። ቲዩቦቹን ከማውጣትዎ በፊት የትኛው የት እንደነበረ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። መስታወቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ደግሞ እንዳያጥቡት። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ከተፈተገ ቀለሙ ይለቅቃል፣ ስም የሌለው ቲዩብ ደግሞ ገዢ የለውም።

የአውሮፓ ቲዩብ የመጀመሪያ ፊደል ስለ ሂተሩ ይናገራል። «ኢ» 6.3 ቮልት ነው። «ዲ» የደረቅ ባትሪ ሬዲዮ ነው፤ እንደ ዲኤል 96 ያሉት መብራት ያልገባበት አገር ሬዲዮዎች ላይ ይገኛሉ። የነዚህ ሂተር 1.4 ቮልት ብቻ ስለሚፈልግ በ6.3 ቮልት ሊሞክሩት ቢሉ ወዲያው ይቃጠላል። «ዩ» ከሆነ ሂተሮቹ በአንድ መስመር ተያይዘው ከግድግዳው መብራት ይመገባሉ፤ ስለዚህ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ይጨልማሉ። አምስት ቲዩብ ያለው ሬዲዮ ሙሉ በሙሉ ጨልሞ ከሆነ አራቱ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ።

ቀጥሎ ዓይን ይሠራል። በቲዩቡ ጫፍ ወይም ጎን ላይ የሚታየው እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ቅብ የተረፈ ጋዝ የሚውጥ ባሪየም ነው። ብርማ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ደህና፤ ነጭ ወተት ከመሰለ አየር ገብቷል፣ ከዚያ በኋላ ምንም መፈተሽ አያስፈልገውም። ከዚያ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው የሂተሩን እግሮች ይለኩ። ለምሳሌ ኢኤል 84 በሚባለው ቲዩብ ላይ አራተኛውና አምስተኛው ናቸው፤ ቀዝቃዛ ሳለ በጣም ትንሽ ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል።

እስከዚህ ያለው ቲዩቡ አለመሞቱን ብቻ ይነግረናል። ምን ያህል ጉልበት እንደቀረው የሚታወቀው ሲሠራ ነው። የድሮ ሬዲዮ ጠጋኞች የቲዩብ መፈተሻ መሣሪያ ነበራቸው፤ ርካሹ ዓይነት ካቶዱ ኤሌክትሮን መልቀቁን ብቻ ያያል፣ እንደ አቮና ሂኮክ ያለው ግን ግሪዱ በአንድ ቮልት ሲነካ ስንት ሚሊአምፒር እንደሚለወጥ ይለካል። ለአዲስ ኢኤል 84 ይህ ቁጥር 11 ገደማ ነው። መሣሪያው ከሌለ ራሱ ሬዲዮው መፈተሻ ይሆናል። በዚሁ ኢኤል 84 ካቶድ ሥር ያለው ሬዚስተር 135 ኦም ከሆነና በላዩ 7 ቮልት ካነበቡ 52 ሚሊአምፒር እየሄደ ነው ማለት ነው፤ አኖዱ 250 ቮልት እያገኘ ከሆነ ቲዩቡ ጠንካራ ነው። 4 ቮልት ከሆነ 30 ሚሊአምፒር ነው፤ ደክሟል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ ጥሩ ዜና አይደለም። ከፊቱ ካለው ቲዩብ ድምፁን የሚያስተላልፈው አሮጌ የወረቀት ካፓሲተር ማፍሰስ ከጀመረ ግሪዱን ፖዘቲቭ ያደርገዋል፣ ቲዩቡም ከመጠን በላይ ይሠራል፣ አኖዱ ይቀላል። ስለዚህ አስቀድመው የግሪዱን ቮልት ይለኩ፤ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ፖዘቲቭ ሆኖ ካገኙት ቲዩቡን ነቅለው እንደገና ይለኩ። ቮልቱ እንዳለ ከሆነ ጥፋቱ ካፓሲተሩ ላይ ነው፤ ከጠፋ ቲዩቡ ጋዝ ይዟልና ለሽያጭ አይሆንም። ጥሩ ቲዩብ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው፣ መጥፎውም «ጠንካራ ነው» ተብሎ የሚሸጠው በዚህ አንድ ልኬት መዘለል ነው።

አደጋውን ሳልናገር አላልፍም። ሬዲዮው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ 300 ቮልት ያህል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ያራግፏቸው፣ በርቶ ሳለ ሲለኩም አንድ እጅዎ ኪስ ውስጥ ይሁን። ይህን ለማያውቅ ሰው ሥራውን ለባለሙያ መስጠት አያሳፍርም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ገበያው ያለው ከሬዲዮ ወዳጆች ይልቅ ጊታርና ሙዚቃ ማጉያ ካላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። ኢሲሲ 83፣ ኢኤል 84፣ ኢኤል 34፣ የአሜሪካኖቹ 6ቪ6 እና 6ኤል6 ይፈለጋሉ። ኢኤፍ 89 ወይም ኢሲኤች 81 ግን ሬዲዮ እንጂ ማጉያ ላይ እምብዛም ስለማይገቡ ርካሽ ናቸው። በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ዛሬም አዳዲስ ቲዩብ ይመረታል፤ ያም ሆኖ ሰዎች ለድሮ ቴሌፉንከንና ሙላርድ አብልጠው ይከፍላሉ። ድምፁ በእርግጥ ይሻላል ወይ? ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ፍቅር ይመስለኛል። ስም ውድ በሆነበት ደግሞ ስም ይሰረቃል፤ የብዙ ቴሌፉንከን ቲዩቦች ሥር፣ በእግሮቹ መካከል፣ መስታወቱ ላይ የተቀረጸ የአልማዝ ቅርጽ አለ፤ ከላይ የታተመ ጽሑፍ ግን ማንም ሊያትመው ይችላል። ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸው ሁለት ኢኤል 84 አብረው ከተሸጡ ከተናጠል ዋጋቸው በላይ ያወጣሉ፤ ማጉያዎች ብዙ ጊዜ በጥንድ ስለሚጠቀሙባቸው ነው።

የሚናገር ሬዲዮ ግን አይበትኑ። እንዲህ ያለው ከሙሉ አካሉ ጋር ሲሸጥ ይሻላል፣ ለቀጣዩ ትውልድም ይተርፋል። ለተቀሩት እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልለው በየራሱ ሣጥን ያድርጉ፣ የለኩትን ሚሊአምፒርና በስንት ቮልት እንደለኩት ይጻፉበት። ያልለኩት ካለ «አልተለካም» ብለው ይጻፉ፤ ገዢው ዋጋ ይቀንስብዎታል እንጂ ዕቃውን አይመልስብዎትም።