መስኮት የሌለው ኩሽናዬና የእማዬ ዕጣን

የተከራየሁት ቤት ኩሽና መስኮት የለውም። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር፣ አንድ በር፣ አለቀ። ሽንኩርት ሲቁላላ መኝታ ቤት የተሰቀለው ጋቢ ሳይቀር ወጥ ወጥ ይሸታል። የጣሪያው ጥግም ሻግቷል።

"ቬንትሌተር አስገጥምና ተገላገል" አሉኝ። አከራዬን አስፈቅጄ፣ ግድግዳውን ከላይ አስበስቼ አስገጠምኩ። ጩኸቱ የወፍጮ ቤት፤ ጭሱ ግን ንቅንቅ አላለም። የገጠመውን ልጅ ስንት ቀን አማሁት!

እሑድ እማዬ መጥታ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ማጨሻውን ይዛ ኩሽና ገባችና በሩን ዘጋች። የዕጣኑ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጣሪያ ሥር ተኛ። ልትወጣ በሩን ገርበብ ስታደርገው ግን ጭሱ ጎንበስ ብሎ ወደ ቬንትሌተሩ ነጎደ።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ብዬ በሩ ሥር ጨርቅ ጎስጉሼያለሁ። አየር የሚወጣው ደግሞ የሚተካው ሲገባ ነው፤ መግቢያውን ዘግቶ ውጣ ቢሉት አይወጣም።

ጨርቁን አነሳሁ፤ አናጺ የበሩን ታች 2 ሴንቲ ሜትር ቆረጠልኝ። በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰፋ 160 ካሬ ሴንቲ ሜትር መግቢያ ተገኘ። የመውጫው ቱቦ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው አፉ 78 ገደማ ነው፤ ይበቃዋል። ቀዝቃዛው አየር ከታች ይገባል፣ የሞቀው ከላይ ይወጣል።

ለምትገዙ፦

✅ የኩሽናውን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ አባዙ። የእኔ 15 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ በሰዓት 10 ጊዜ እንዲታደስ በሰዓት 150 ሜትር ኩብ የሚስብ ያስፈልጋል፤ አቅሙ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል።

✅ ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ በየመታጠፊያው ጉልበት ያጣል። መውጫው ደጅ እንጂ ኮርኒስ ውስጥ አይሁን።

✅ ድስቱ ሳይጣድ አብሩት፤ ከወረደም በኋላ 15 ደቂቃ ይሥራ።

⚠️ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩም ይቆማል፤ ከሰል የምናቀጣጥለውም ያኔ ነው። ከሰል ጭሱ ቢያልቅም፣ ፍም ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ምድጃው ደጅ ይዋል።

ዛሬ ማታ የእማዬን ሙከራ በእናንተም ኩሽና ሞክሩት። ጭሱ ወዴት እንደሄደ ካያችሁ በኋላ ግን ማጨሻውን ከነፍሙ ወደ ውጭ!