የሐይቅ ዳር ቪላ ውኃውን ከየት ያመጣል?



ዶርም ውስጥ «አላህ ሪዝቁን ቢያሰፋልን ቤት የት እንሠራ ነበር?» የሚል ጨዋታ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቢሾፍቱን እንጠራለን። አይፈረድብንም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ወደ አዳማ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቀን ቦሌ ሠርቶ ማታ ባቦጋያ ዳር ሻይ መጠጣት ተችሏል። አፄ ኃይለ ሥላሴም እዚያው መኖሪያ ነበራቸውና ነገሩ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ብዛቱ ነው። አጥር ያለው ግቢ፣ ጥበቃ፣ ሣር፣ በረንዳው ወደ ሐይቁ የዞረ ቪላ። አቡሴራ ላይ የታቀደው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ የአካባቢውን ቦታ ይበልጥ ተፈላጊ አድርጎታል።

ብዙዎቻችን ነገ እንደነዚህ ያሉ ሰፈሮችን የምንነድፍ፣ የምንቆጣጠርና የምንፈርም ነን። ስለዚህ አንድ የሀብታም ሰፈር ከታች በምን እንደሚቆም ማወቅ ይጠቅመናል።

መጀመሪያ መሬቱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አርሶ አደሩ የመጠቀም መብት አለው እንጂ አይሸጠውም። መሬቱ ለከተማ ሲፈለግ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የሚያስከፍለው የልማት ተነሺ ካሳ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ የሆነው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ስሌቱ የሚነሳው ከምርቱ ነው፣ መሬቱ ነገ በሊዝ ወይም በቪላ ከሚያወጣው ዋጋ አይደለም። የአድአ ጤፍ የታወቀ ጤፍ ነው፣ ደብረ ዘይት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከልም ቁንጮ የተባለውን ዝርያ ያወጣው በዚሁ ምድር ነው። ሆኖም ከጤፍ ማሳ የሚገኝ የ15 ዓመት ገቢ በዚያው ማሳ ላይ ከሚቆም አንድ ቪላ ዋጋ ጋር በምንም አይወዳደርም። ልዩነቱ የማን ሐቅ ነው የሚለውን ለፊቅህ ተማሪዎቻችን እንተወዋለን፤ ሊከራከሩበት የሚገባ ጥያቄ ግን ነው።

ያው ጤፍ የሚወደው ጥቁር መረሬ አፈር ለሕንፃ ክፉ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳንም ይዞ ይሰነጠቃል። ይህን በአፈር መካኒክስ ስለምንማረው እዚህ አናስረዝመውም።

ዋናው ጉዳይ ውኃ ነው። ባቦጋያ፣ ሆራና ቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከእነሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውኃ በዝናብና በከርሰ ምድር ይገባል፣ በአብዛኛው በትነት ይወጣል። የገባ ቆሻሻ ግን አይተንም፣ እዚያው ይቀራል።

የፍሳሽ መስመር በሌለበት ከተማ እያንዳንዱ ቤት ሴፕቲክ ታንክና የማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፍራል። አለቱ የተሰነጣጠቀ እሳተ ገሞራማ ሲሆን የሰረገው ፍሳሽ ናይትሮጅኑን ይዞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ፣ ማለትም ወደ ሐይቁ ሊሄድ ይችላል። አልጌ ይበዛል፣ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ከታች ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በነዚህ ሐይቆች በብርዱ ወራት ዓሣ በጅምላ የሚሞትበት ጊዜ አለ፤ ላዩ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲነሳ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውኃ ከላይኛው ጋር ስለሚቀላቀል ነው። ይህ የተፈጥሮ ዑደት ነው፣ ቪላዎቹ አልፈጠሩትም። ከታች የሚበሰብሰው በጨመረ ቁጥር ግን ችግሩ ይከፋል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። 500 ካሬ ሜትር ሣር ያለው ግቢ እንውሰድ። በበጋ ሣሩ እንዲለመልም በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል ብንል 2,500 ሊትር ይሆናል። በቤቱ ስድስት ሰው ቢኖርና እያንዳንዱ በቀን 150 ሊትር ቢጠቀም 900 ሊትር ነው። ሣሩ ከቤተሰቡ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ይጠጣል ማለት ነው! በአገራችን የገጠር ውኃ አቅርቦት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው፤ በዚህ ሚዛን የአንድ ግቢ ሣር የ100 ሰው ውኃ ይወስዳል። እንዲህ ያሉ 100 ግቢዎች ሲደመሩ በቀን 250 ሜትር ኩብ ነው።

የቧንቧው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ አቅም ያለው ሰው የራሱን ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ፓምፑ ሲሠራ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ እንደ ማጥለያ ወደ ታች ይጎደጉዳል። ሁለት ጉድጓዶች ከተቀራረቡ ጥልቁ አጭሩን ያደርቀዋል። አጥር ውስጥ ያለው 100 ሜትር ከወረደና አጥር ውጭ ያሉት እማማ የእጅ ጉድጓድ 20 ሜትር ከሆነ ማን ቀድሞ እንደሚደርቅ ግልጽ ነው። መሬት ላይ ያለው አጥር ከመሬት በታች የለም።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህን ስንማር የሚታወሰን የጉድጓድ «ሐሪም» ነው። ፉቀሃኦች ለአንድ ጉድጓድ ሌላው ሰው መጥቶ የማይቆፍርበት የተከበረ ክልል ሰጥተውታል። በመጠኑ ላይ ቢለያዩም አርባ ክንድ የሚለው በሰፊው ይታወቃል። የሃይድሮሎጂ መምህሮቻችን በቀመር የሚያሰሉትን የጉድጓድ ተጽዕኖ ክልል እነሱ በክንድ ለኩት። ክንዱ ለባልዲና ለገመድ ዘመን የተቀመጠ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ፓምፕ አርባ ክንድ ምንም አይደለም፣ ምክንያቱ ግን አልተቀየረም፣ ያኛው ሰው እንዳይጎዳ ነው። ሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 36 ላይ ቅርብ ጎረቤትም ሩቅ ጎረቤትም በየራሳቸው ተጠቅሰዋል። ሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ.) በመዲና የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሕዝቡ መስጠታቸውም የታወቀ ነው። ግቢው ጉድጓድ ካለው ከአጥሩ ውጭ አንድ ቦኖ ማውጣት ለአንድ የሪል እስቴት ድርጅት ከባድ ወጪ አይደለም።

ሌላው የስምጥ ሸለቆ ጉዳይ ፍሎራይድ ነው። ከእሳተ ገሞራ አለት ወደ ጉድጓድ ውኃ ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ በጣም ሲበዛና ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ያጎብጣል፤ በወንጂ የጉድጓድ ውኃ ለረጅም ጊዜ የጠጡ የስኳር ልማቱ ሠራተኞች የደረሰባቸው ይኸው ነው። አዳማ ከአዋሽ ወንዝ እያጣራች የምትጠጣበት አንዱ ምክንያትም የወንዙ ፍሎራይድ ከጉድጓዱ ስለሚያንስ ነው። ማፍላት አይጠቅምም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። የሀብታም ቪላም ከዚህ አያመልጥም፣ ከጉድጓድ ጉድጓድም ይለያያል። እብነ በረድ የተነጠፈበት ሳሎን ውስጥ ያደገ ልጅ ጥርሱ ሊበልዝ ይችላል።

ስለ ግዢው አንድ ቃል ብቻ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም ስለተፈቀደ «ያለ ሪባ ቤት አይገዛም» የሚለው ወሬ የድሮ ነው። ከሻጩ ጋር በሚደረግ የክፍያ ውል ግን ክፍያ ሲዘገይ የሚጨመረውን ቅጣት ያላነበበ አይፈርም።

ለቤት ገዢ ዘመድ የተጠየቀ ወይም ለልምምድ እንዲህ ያለ ሳይት የተላከ ሰው ሞዴል ቤቱን ከማየቱ በፊት ሦስት ወረቀት ይጠይቅ፦ የጉድጓዱን ፈቃድ፣ የፍሳሹን ዲዛይንና የውኃውን የላቦራቶሪ ውጤት። ሣሩ በታጠበ ልብስ ውኃ መጠጣት ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ከዲዛይኑ ጀምሮ የመጸዳጃውን ቧንቧ ከመታጠቢያው መለየት ነው። ፍሎራይዱ ከ1.5 በላይ ከሆነ ደግሞ ማጣሪያውን ማን እንደሚከታተል፣ ውስጡ ያለው በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር፣ በአጥንት ከሰል የሚሠራ ከሆነም አጥንቱ የምን እንስሳ እንደሆነ ይጠየቅ።