ዳታቤዝ ሰርቨር ሚሞሪ ሲያፈስ

አንድ ፕሮግራም ለሥራው የወሰደውን ሚሞሪ ሥራው ካበቃ በኋላ ሳይመልስ ሲቀር ሚሞሪ ያፈሳል ይባላል። ቶሎ ተከፍተው በሚዘጉ ፕሮግራሞች ላይ ችግሩ እምብዛም አይታወቅም፤ ሲዘጉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የያዙትን ሚሞሪ ሁሉ መልሶ ይረከባልና። ዳታቤዝ ሰርቨር ግን ለወራት ሳይጠፋ ይሠራል። በእያንዳንዱ ጥያቄ 100 ባይት ብቻ የሚያፈስ ሰርቨር በሰከንድ 1,000 ጥያቄ ቢያስተናግድ፣ በአንድ ቀን 8.6 ጊጋባይት ገደማ ያባክናል። ሚሞሪው ሲሟጠጥ ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም በላይ የያዘውን ፕሮግራም በግድ ያቋርጣል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ዳታቤዙ ራሱ ነው። ሰርቨሩን በየሌሊቱ አጥፍቶ ማስነሳት ፋታ ይሰጣል እንጂ ጥፋቱን አያርምም።

በብዛት ጥቅም ላይ ከሚውሉት ዳታቤዞች አንዱ የሆነው ፖስትግሬስ የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው። በሲ ሚሞሪ መውሰድም መመለስም የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው። አንድ ፈንክሽን መጀመሪያው ላይ ሚሞሪ ወስዶ መጨረሻው ላይ ይመልሳል እንበል። መሃል ላይ ቁጥር መግባት ባለበት ቦታ ፊደል ቢገኝ፣ ፖስትግሬስ ሥራውን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ስህተት ማስተናገጃው ይዘላል፤ ሚሞሪውን የምትመልሰው መስመር ሳይደረስባት ትቀራለች። ኮዱን በትክክለኛ ጥያቄ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም።

ፖስትግሬስ ለዚህ ያበጀው ዘዴ በእውነት የሚደነቅ ነው። የሚወሰደው ሚሞሪ በአብዛኛው «ኮንቴክስት» በተባለ ክፍል ሥር ይመዘገባል። አንዱ ክፍል ዕድሜው አንድ ጥያቄ እስኪፈጸም ነው፤ ሌላው ትራንዛክሽኑ እስኪያበቃ፣ ሌላው ደግሞ ግንኙነቱ እስኪዘጋ ይቆያል። ጥያቄው በሰላምም ይለቅ በስህተት፣ ክፍሉ በጅምላ ይለቀቃል። ስለዚህ እዚህ ፍሳሽ ሲባል ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ የተፈለገ ነገር ረጅም ዕድሜ ባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። አንድ ጥያቄ ሚሊዮን ረድፍ ሲያነብ ለየረድፉ የሚወሰደው ሳይለቀቅ እስከ መጨረሻው ከተከማቸም ሰርቨሩን ያስጨንቃል። እርማቱ ለረድፍ ብቻ የሚያገለግል ክፍል ከፍቶ ከእያንዳንዱ ረድፍ በኋላ ባዶ ማድረግ ነው። እዚህም እዚያም የመመለሻ መስመር ከመጨመር ይህ እጅግ ይሻላል።

የሚሞሪ መጨመር ሁሉ ፍሳሽ አይደለም። ካሽ ጥቂት አድጎ ይረጋል፤ ፍሳሽ ግን አይቆምም። በ2021 ከወጣው 14ኛው የፖስትግሬስ ቨርዥን ጀምሮ፣ ሰርቨሩ ሳይቋረጥ የየክፍሉን መጠን ሎግ ላይ ማስጻፍ ይቻላል፤ ያለማቋረጥ የሚያብጠው ክፍል ስሙ የት መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል። ቫልግራይንድ የተባለው መሣሪያ ባለቤት ያጣ ሚሞሪን ፈልጎ ያገኛል፤ ሆኖም ፕሮግራሙን ከ10 እስከ 50 እጥፍ ያዘገየዋል፤ በተሳሳተ ክፍል የተመዘገበውንም ባለቤት አለው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ኮዱ ከታረመ በኋላ በአንድ ግንኙነት ላይ ያንኑ ጥያቄ፣ ትክክለኛውንም ስህተት ያለበትንም፣ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ደጋግሞ ማስኬድና የሚሞሪው መጠን መርጋቱን ማየት ያስፈልጋል።