የጋዝ ቁፋሮ ክልልና የገበሬው ድርሻ

በአሜሪካ ኦሃዮና ፔንሲልቫኒያ ግዛቶች ከገበሬው እርሻ ሥር ያለው የተፈጥሮ ጋዝ የራሱ የገበሬው ሊሆን ይችላል። በአገሪቱ ሕግ መሬቱና ከሥሩ ያለው ማዕድን ለየብቻ ይሸጣሉ። በዚህም የተነሳ አንዱ የሚያርሰው መሬት የማዕድን መብቱ የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ጋዝ ግን የማሳ ድንበር አያውቅም። ቀደም ሲል በራሱ መሬት ቆፍሮ የጎረቤቱን ጋዝ ጭምር ስቦ ያወጣ ሰው ባለቤት ይሆን ነበር። በመሆኑም ሁሉም ቀድሞ ለማውጣት በየድንበሩ ሲቆፍር ገንዘብም ጋዝም ባከነ። የቁፋሮ ክልል የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። ክልሉ የብዙ ባለመብቶችን መሬት በአንድነት ያቀፈ ሲሆን፣ ከጉድጓዱ የሚገኘው ገቢ ለሁሉም እንደ መሬታቸው ስፋት ይከፋፈላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የገበሬው መሬት ለክልሉ ጠቅላላ ስፋት ተካፍሎ በውሉ በተቀመጠው የሮያሊቲ መጠን ይባዛል። በፔንሲልቫኒያ ሕግ ዝቅተኛው ሮያሊቲ አንድ ስምንተኛ ወይም 12.5 በመቶ ነው። 640 ኤከር (259 ሄክታር ገደማ) በሆነ ክልል ውስጥ 64 ኤከር ያለው ገበሬ ከክልሉ አንድ አሥረኛው የእሱ ነው። በዚህ የሮያሊቲ መጠን ከየ100 ዶላሩ ሽያጭ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይደርሰዋል። ክልሉ ወደ 1 ሺህ 280 ኤከር ቢሰፋ ድርሻው በግማሽ ይቀንሳል። ጉድጓዱ በእሱ ማሳ ላይ መቆፈሩ ወይም አለመቆፈሩ ይህን ስሌት አይለውጠውም።

ስለዚህ ገበሬው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮችን ማጣራት አለበት፦ የክልሉን ካርታና ስፋት፣ ከክልሉ ውጭ የሚቀረው መሬቱ በውሉ ታስሮ መቆየት አለመቆየቱን፣ የማጓጓዣና የማጣሪያ ወጪ ከድርሻው ላይ መቀነስ አለመቀነሱን። እምቢ ማለትም ሁልጊዜ ከክልሉ አያስወጣም። በኦሃዮ የ65 በመቶው መሬት ባለመብቶች ከተስማሙ፣ ግዛቱ የቀሩትም እንዲካተቱ ማዘዝ ይችላል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የተለየ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ስለሆነ አርሶ አደሩ በባለቤትነት የጋዝ ሮያሊቲ አይጠይቅም። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ግን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ ይገባዋል። እዚያ ድርሻው፣ እዚህ ካሳው በይዞታ ልክ ይሰላል። አርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ከማሳው ድንበር ጋር ማመሳከር፣ የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም ልዩነት ካለ በወቅቱ ማስተካከል ያለበት ለዚህ ነው።