ያለ አፈር አትክልት፦ በጅማ ዝናቡ ያተርፋል፣ ጨው ያከስራል

በአባ ጅፋር ዘመን በሂርማታ ገበያ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ፣ ከገበያ ገበያ እየተላለፈ ጅማ እስኪደርስ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። ዛሬ በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ዳር ፕላስቲክ ቤት ተክሎ ቲማቲምና ሰላጣ ያለ አፈር ለማምረት የሚያስብ ባለሀብት ግን ጨውን በኪሳራው መዝገብ በኩል ማየት ይኖርበታል።

ሃይድሮፖኒክስ የሚባለው ይህ ዘዴ ለኢትዮጵያ ፍጹም እንግዳ አይደለም። አንዳንድ የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳን ግንበኞች ሬድ አሽ በሚሉት የእሳተ ገሞራ ጠጠር ወይም ከውጭ በሚገባ የኮኮናት ቃጫ ላይ ያበቅላሉ። ተክሉ ምግቡን የሚያገኘው በውኃ ከሟሟ ማዳበሪያ ሲሆን ውኃውን ጠጥቶ የማይፈልገውን ማዕድን እሥሩ ላይ ይተወዋል። ያ የተተወው ነው ጨው የሚባለው፤ የወጥ ጨው ብቻ አይደለም፣ ተክሉ ያልተጠቀመበት ማዳበሪያም ጨው ነው።

የጅማ ገበሬ ይህን ችግር አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አይችልም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወርደው ዝናብ አፈሩን ስለሚያጥበው የአካባቢው ችግር የአፈር ኮምጣጣነት እንጂ ጨው አይደለም። ጨውን የሚያውቀው አዋሽ ነው። በአሚባራ የመስኖ ውኃ መውጫ ሳያገኝ ቀርቶ የከርሰ ምድር ውኃውን ወደ ላይ በማንሳቱ ብዙ የጥጥ መሬት ጨው ለብሶ ከምርት ውጭ ሆኗል። በፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ዝናብ የማይነካው አንድ ከረጢት ጠጠርም ሰው ካላጠበው በስተቀር ትንሽ አሚባራ ነው፤ ጅማ ላይ ቢቀመጥም እንኳ።

ለነጋዴው ነገሩ የሚታየው በፍሬው ላይ ነው። ጨው ሲበዛ ተክሉ ካልሲየም መሳብ ያቅተውና የቲማቲሙ ግርጌ ጠቁሮ ይበሰብሳል፤ እንዲህ ያለውን የሚረከብ ሆቴል የለም። በአፈር ላይ በተሠራ ጥናት ቲማቲም እስከ 2.5 ዴሲሲመን በሜትር የሚደርስ ጨዋማነት ይችላል፤ ከዚያ በላይ በጨመረ በእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ምርቱ ከመቶ 10 ያህል ይቀንሳል። ፎሶሊያ ግን ገና ከ1 ጀምሮ ይጎዳል፤ በየነጥቡም ከመቶ 19 ገደማ ያጣል። (ጥቂት ጨው ቲማቲምን እንደሚያጣፍጥ የሚናገሩ አልተሳሳቱም፤ ኪሎው ግን ይቀንሳል፣ ገበያው ደግሞ የሚከፍለው በኪሎ ነው።)

የጅማ ዕድል ያለው በጣሪያው ላይ ነው። የዝናብ ውኃ ጨው የለበትም ማለት ይቻላል። ስፋቱ 500 ካሬ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ቤት ከጣሪያው ላይ ከሚወርደው ከመቶ 80 ያህሉን ቢይዝ በዓመት 600 ሜትር ኩብ ይሰበስባል። በሙሉ ዕድገት ላይ ያለ ቲማቲም በካሬ ሜትር 4 ሊትር ያህል በቀን ቢጠጣና ከሚሰጠው ውኃ አንድ አምስተኛው ለማጠቢያ ቢፈስስ፣ የቀኑ ፍጆታ 2,500 ሊትር፣ የሦስት ወሩ ደግሞ 225 ሜትር ኩብ ነው። ይበቃል፤ ተጠራቅሞ ከቆየ።

ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር የቡና ገንዘብ በከተሞቹ የሚዘዋወርበት፣ ለአትክልትም ጥሩ ገበያ የሚጠበቅበት ወቅት ነው። ዝናቡ የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ከጣቢያዎቹ በታች ያለው የወንዝ ውኃ በፍሳሽ ይበላሻል፣ ይኮመጥጣል፤ ለጠብታ መስኖ አይታሰብም። ማጠራቀሚያ ያልሠራ ሰው ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። በመለኪያ 0.5 የሚነበብ፣ ማለትም ደህና የሚባል የጉድጓድ ውኃ እንኳ በሊትር 0.3 ግራም ያህል ማዕድን ስላለው በሦስቱ ወራት ከ60 ኪሎ በላይ ወደ ቤቱ ያስገባል። ካልሲየሙን ተክሉ ይበላዋል፤ ሶዲየሙና ክሎራይዱ ይቀራል። ስለዚህ ፕሮፎርማ የሚሰበስብ ባለሀብት ከፕላስቲኩና ከፓምፑ ዋጋ አስቀድሞ ማጠራቀሚያው በሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ይመልከት።

ሁለተኛው ወጪ ማዳበሪያው ነው። ገበሬው የሚጠቀምባቸው ዩሪያና ኤንፒኤስ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ዩሪያን ተክሉ እንዲጠቀምበት የሚለውጡለት የአፈር ነፍሳት እዚህ የሉም፣ ኤንፒኤስም በደንብ ሳይሟሟ ቀርቶ ቧንቧ ይደፍናል። ሙሉ በሙሉ የሚሟሟው ማዳበሪያ በዶላር ይገዛል። ዶላር ደግሞ የምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ዋጋ የገዙትን ውኃ ማፍሰስ ያሳዝናል። ያላፈሰሰ ግን ይከስራል። በርካሽነቱ ፖታሲየም ክሎራይድ መግዛትም ክሎራይዱን በገዛ ገንዘብ መጨመር ነው።

መቆጣጠሪያው በእጅ የሚያዝ፣ ኢሲ ሜትር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነው። በየቀኑ የገባውና ከከረጢቱ ሥር የወጣው ውኃ ይለካል። የገባው 2.5 ሆኖ የወጣው 4 ካሳየ ጨው እየተጠራቀመ ነውና የማጠቢያው ድርሻ ከአንድ አምስተኛ ወደ አንድ ሦስተኛ ከፍ ይላል፤ ማጠቢያውም በባዶ ውኃ ሳይሆን በቀጠነ የማዳበሪያ ውኃ ይሁን። ፀሐይ በበረታበት ቀንም የሚሰጠው ውኃ ይቀጥናል እንጂ አይወፍርም።

በጅማ ዙሪያ በየቡና መፈልፈያው የሚከመረው የቡና ገለፈት የኮኮናቱን ቃጫ ቦታ ሊይዝ ይችላል የሚል ሐሳብ ለነጋዴ አጓጊ ነው፤ መጓጓዣውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ገለፈት በፖታሲየም የበለጸገ በመሆኑ ትኩሱ ራሱ ጨው ነው፣ ሥር የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችም አሉበት። ለወራት ተብላልቶ፣ ከዚያም የሚወጣው ውኃ ዝቅተኛ ንባብ እስኪሰጥ ድረስ ታጥቦ፣ በመጀመሪያ በጥቂት ከረጢት ይሞከር። ለዚህ ምክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅም ሆነ በመልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ናቸው።

የታጠበው ውኃ የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ከግንባታው በፊት ይመለስ። ናይትሬትና ፖታሲየም ያለበት ስለሆነ ዝናብ ለሚያጥበው ለውጭው መሬት፣ ለበቆሎ ወይም ለአጥር ሣር ማዳበሪያ ይሆናል፤ 500 ካሬ ሜትሩ በቀን የሚያወጣው 500 ሊትር ያህል ነውና ለመበተን ሰፊ ቦታ አይጠይቅም። ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ግን ከፈልፋዮቹ ፍሳሽ ጋር ተደምሮ የታችኛውን ጎረቤት ክስ ይጠራል።