በቤት ውስጥ ዕፅዋት አፈር ላይ የሚወጣ ሻጋታ፦ መንስኤው፣ የሚያስከትለው ጉዳትና መፍትሔው

የክረምቱ ዝናብ በሚበረታባቸው ወራት በቤታቸው፣ በበረንዳቸውና በሥራ ቦታቸው ዕፅዋት የሚያሳድጉ ብዙ ነዋሪዎች በአበባ መትከያ ዕቃው አፈር ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ወጥቶ ያገኛሉ። በዚህ ጊዜ አንዳንዶች ተክሉ በበሽታ ተይዟል በማለት ከነዕቃው ይጥሉታል። ሌሎች ደግሞ ለእርሻ የተዘጋጀ ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ገዝተው ቤተሰብ በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ይረጫሉ። የመጀመሪያው አላስፈላጊ ኪሳራ ሲሆን ሁለተኛው ለጤና አደገኛ ነው።

በአፈር ላይ የሚታይ ሻጋታ በአብዛኛው ራሱ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። የሚያመለክተውም አፈሩ ከሚገባው በላይ ርጥብ መሆኑንና በቂ አየር አለማግኘቱን ነው። ስለሆነም ዘላቂው መፍትሔ የሚገኘው በኬሚካል ሳይሆን ውኃን፣ አፈርንና አየርን በማስተካከል ነው። ይህ ጽሑፍ የሻጋታውን መንስኤዎችና አንድ ነዋሪ ያለ ብዙ ወጪ ሊወስዳቸው የሚችላቸውን እርምጃዎች ያብራራል።

ሻጋታ ከየት ይመጣል?

ሻጋታ ፈንገስ ከሚባሉት ሕያዋን ወገን ነው። የሚራባው ስፖር በሚባሉ፣ አንድ በአንድ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ብናኞች ነው። እነዚህ ብናኞች በአየር፣ በአፈርና በልብስ ላይ በየቤቱ ስለሚገኙ ፈጽሞ ማስወገድ አይቻልም። በመሆኑም ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ “ሻጋታው ከየት መጣ?” የሚለው ሳይሆን “እዚህ ቦታ ለምን ተመቸው?” የሚለው ነው።

ነገሩን ከጓዳችን በምናውቀው ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በሚገባ ሳይቀዘቅዝ የተሸፈነ እንጀራ ላብ አውጥቶ ቶሎ ይሻግታል፤ ቀዝቅዞ የተቀመጠው ግን ይቆያል። በሁለቱም ላይ የሻጋታ ብናኝ አርፏል። ልዩነቱን የፈጠረው ታፍኖ የቀረው ርጥበት ነው። በአበባ መትከያ ዕቃ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

በአፈር ላይ የሚወጣው ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመገበው የሞተ ነገርን ነው፦ የወደቀ ቅጠልን፣ ያልበሰበሰ ፍግን፣ የደረቀ ሥርን። በጫካ ውስጥ የረገፈውን ቅጠል ወደ ለም አፈር የሚለውጡት እንዲህ ያሉ ፈንገሶች ናቸው። ስለዚህ ሻጋታው ሕይወት ያለውን ተክል በቀጥታ አይበላም። ሆኖም ለሻጋታው የተመቸው ርጥበት ሥር ለሚያበሰብሱ እንደ ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ ላሉ ተሕዋስያንም ይመቻል። ሻጋታውን እንደ ማስጠንቀቂያ መቁጠር የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዋና ዋና መንስኤዎች

1. ከመጠን ያለፈ ውኃ ማጠጣት

ቀዳሚው መንስኤ ይህ ነው። አንድ ተክል ውኃ የሚጠቀመው ባገኘው ብርሃንና ሙቀት መጠን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋና የወይና ደጋ ከተሞች ሰማዩ ይደመናል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይርሳል። በእነዚህ ወራት ተክሉ የሚጠጣውም ሆነ ከአፈሩ ላይ የሚተነው ውኃ በእጅጉ ይቀንሳል። በበጋው የለመድነውን የውኃ መጠን በክረምትም ሳንቀይር ከቀጠልን ትርፉ በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል።

ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው አካባቢዎች ደግሞ ዕፅዋት የሚጠጡት በተጠሙ ቀን ሳይሆን ውኃ በመጣ ቀን ይሆናል። ለሚቀጥሉት ቀናት ይበቃዋል በሚል ዕቃው እስኪሞላ ማጠጣት ሥሩን አየር ያሳጣዋል። የተሻለው ልማድ ውኃውን በንጹሕ ዕቃ አጠራቅሞ አፈሩ ሲደርቅ ማጠጣት ነው።

2. ማፍሰሻ ቀዳዳ የሌለው ዕቃ

የቀለም ባልዲ፣ የዱቄት ወተት ጣሳና የተቆረጠ ጀሪካን ለተክል መትከያነት መዋላቸው ገንዘብ የሚቆጥብና የሚበረታታ ልማድ ነው። ነገር ግን ከሥራቸው ካልተበሱ ትርፉ ውኃ መውጫ አያገኝም። ከዕቃው ሥር በሚቀመጥ ሳህን ላይ ተኝቶ የሚሰነብት ውኃም ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራል። የሸክላ ዕቃ በግድግዳው በኩል ርጥበት ስለሚያስተነፍስ ከፕላስቲክና ከቆርቆሮ ይልቅ አፈሩን ቶሎ ያደርቃል።

3. ውኃ የሚይዝ ወይም ያልበሰለ አፈር

ጥቁር ሸክላማ አፈር ውኃን አጥብቆ ስለሚይዝ ብቻውን ለመትከያ ዕቃ አይሆንም። በሚገባ ያልበሰበሰ ፍግና ኮምፖስት ደግሞ ለሻጋታ የተዘጋጀ ምግብ ነው። የበሰለ ኮምፖስት ሙቀቱ በርዷል፣ ቀለሙ ጠቁሯል፣ ሽታውም ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ነው። የሚተን፣ የሚከረፋ ወይም ገለባው ገና የሚለይ ከሆነ ጊዜው አልደረሰም።

4. የአየርና የብርሃን እጥረት

ብርድ እንዳይገባ ተብሎ መስኮት ተዘግቶ በሚውልበት ቤት፣ በተለይም ከወፍራም መጋረጃ ጀርባና በሳሎን ጥግ የተቀመጠ ተክል አየር አይደርሰውም። አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ የአፈሩ ገጽ ርጥብ እንደሆነ ይቆያል።

5. በአፈሩ ላይ የሚደረጉ የወጥ ቤት ተረፈ ምርቶች

የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የሥጋ እጣቢና የወተት ዕቃ ማጠቢያ ለተክል ይጠቅማሉ ተብሎ በቀጥታ በአፈሩ ላይ ይደፋሉ። ከቤት ውጭ ባለ ሰፊ መሬት ላይ እነዚህን የሚያብላሉ ትላትሎችና ሌሎች ነፍሳት አሉ። በጠባብ ዕቃ ውስጥ ግን በአብዛኛው የሚቀድማቸው ሻጋታ ነው። ተረፈ ምርቱ ጠቃሚ የሚሆነው በመጀመሪያ በኮምፖስት ጉድጓድ ወይም ዕቃ ውስጥ ከበሰበሰ በኋላ ነው።

ነጭ ነገር ሁሉ ሻጋታ አይደለም

እርምጃ ከመውሰድ በፊት የታየውን ነገር መለየት ይገባል።

• ጥጥ ወይም የሸረሪት ድር የሚመስል፣ ሲነኩት ተጨፍልቆ የሚጠፋ ከሆነ ሻጋታ ነው።
• ጠንካራ፣ የሚሻክር፣ በሸክላ ዕቃው ከንፈርና ግድግዳ ላይ ጭምር የሚታይ ነጭ ቅርፊት ከሆነ ከውኃ ወይም ከማዳበሪያ የቀረ ጨው ነው። በላዩ ላይ ጥቂት አቼቶ ሲንጠባጠብበት አረፋ ካወጣ ኖራነት ያለው ነው። ይህ የከርሰ ምድር ውኃቸው ማዕድን በሚበዛባቸው አካባቢዎች ያጋጥማል።
• በግንዱና በቅጠሉ መጋጠሚያ ላይ ተጣብቆ የሚታይ ጥጥ መሰል ነገር ተባይ ሊሆን ስለሚችል አያያዙ የተለየ ነው።
• ከአፈሩ የበቀለ ትንሽ ቢጫ ወይም ቡናማ እንጉዳይ የፈንገስ ፍሬ ነው። መርዛማ ሊሆን ስለሚችል አይበላም፤ ሕፃናትና የቤት እንስሳት በሚደርሱበት ቦታም ሊተው አይገባም።
• ዕቃው ሲነካ ብር ብለው የሚነሡ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ካሉ እጮቻቸው በርጥብ አፈር ውስጥ ፈንገስና ለጋ ሥር ይመገባሉ። የእነርሱም መገኘት የሚያመለክተው አፈሩ መርጠቡን ነው።

ለጤና ያለው ስጋት

ጤነኛ የሆነ ሰው በአንድ የአበባ ዕቃ ላይ ከወጣ ጥቂት ሻጋታ የከፋ ጉዳት አይደርስበትም። ይሁን እንጂ የሻጋታ ብናኝ አስም ያለባቸውንና በአለርጂ የሚጠቁ ሰዎችን ሊያስነጥስ፣ ሊያስልና ሕመማቸውን ሊቀሰቅስ ይችላል። በአፈርና በብስባሽ ውስጥ የሚኖረው አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ ደግሞ የሰውነት መከላከያ አቅማቸው እጅግ ለተዳከመ ሰዎች፣ ለምሳሌ ጠንካራ የካንሰር ሕክምና ለሚከታተሉ ወይም የአካል ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸው፣ ብርቱ የሳንባ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። እንዲህ ያለ ታማሚ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አፈር ያለበት ተክል አለማስቀመጥ ይመከራል። አፈር የመቀየሩንም ሥራ ሌላ የቤተሰብ አባል ሊሠራለት ይገባል።

ሻጋታው ሲታይ የሚወሰዱ እርምጃዎች

1. ዕቃውን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ግቢ ያውጡ። አፍና አፍንጫዎን በጭምብል ይሸፍኑ፤ ጓንት ያድርጉ።
2. ብናኙ እንዳይነሣ የአፈሩን ገጽ በጥቂት ውኃ አርከፍክፈው ያርሱት።
3. ከላይ ያለውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ አፈር በማንኪያ አንሥተው በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥረው ያስወግዱ። የወደቁ ቅጠሎችንም ይልቀሙ።
4. በተነሣው ፋንታ ደረቅና ንጹሕ አፈር ወይም አሸዋ ይጨምሩ።
5. የዕቃው ቀዳዳ አለመደፈኑን ይመርምሩ፤ በሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ውኃ ይድፉ።
6. ተክሉን ብርሃንና አየር ወደሚያገኝበት ቦታ ያዛውሩ። ጣትዎን ወደ አፈሩ ሲያስገቡ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ እስኪደርቅ ውኃ አያጠጡ። እሬትና ቁልቋልን የመሰሉ ውኃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች ግን አፈሩ ይበልጥ እስኪደርቅ ሊጠበቁ ይገባል።

ሻጋታው ተመልሶ ከወጣ፣ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ወይም አፈሩ መጥፎ ሽታ ካመጣ ተክሉን ነቅሎ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማና ልል ይሆናል። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጦ ማስወገድ፣ ተክሉንም በአዲስ አፈር መትከል ይገባል። የቀድሞው ዕቃ ታጥቦ በ1 እጅ በረኪናና በ9 እጅ ውኃ ውሕድ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሚገባ ተለቅልቆ ዳግም ሊያገለግል ይችላል።

ሊደረጉ የማይገባቸው ነገሮች

ለእርሻ የተዘጋጀ ፀረ ፈንገስ ኬሚካልን በመኖሪያ ክፍል ውስጥ መርጨት አይገባም። መንስኤው ርጥበት በመሆኑ ኬሚካሉ ቢረጭም ሻጋታው ይመለሳል። ጉዳቱ ግን በቤተሰቡ ላይ፣ በተለይም ወለል ላይ በሚድሁ ሕፃናት ላይ ይቀራል። በአገራችን ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የምዝገባና የቁጥጥር ሥርዓት የተበጀላቸው የመርዛማነት ባሕርይ ስላላቸው ነው። በተለይ ከዋናው ማሸጊያ ወጥቶ በውኃ መያዣ ፕላስቲክ ወይም በፌስታል እየተቀነሰ የሚሸጥ ኬሚካል ምንነቱም ሆነ መጠኑ ስለማይታወቅ ፈጽሞ ሊገዛ አይገባም።

በረኪናም ቢሆን ባዶ ዕቃን ለማጠብ እንጂ ተክል ባለበት አፈር ላይ ለማፍሰስ አይውልም። ከአቼቶ ወይም ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አመድ ወይም ቀረፋ መነስነስ ሻጋታውን ለጊዜው ሊያጠፋው ቢችልም መንስኤውን አይነካም። አመድ ሲበዛ ደግሞ አፈሩን ከልክ በላይ አልካላይን ያደርገዋል።

ችግሩን አስቀድሞ ለመከላከል

ጥሩ የአፈር ቅልቅል የሻጋታን ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል። ለአብዛኞቹ የቤት ውስጥ ዕፅዋት 2 እጅ ቀይ ወይም የጫካ አፈር፣ 1 እጅ በሚገባ የበሰለ ኮምፖስትና 1 እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ ሊያገለግል ይችላል። አሸዋ በማይገኝበት ጊዜ በግንባታ ሥራ ሬድ አሽ እየተባለ የሚታወቀውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በደቃቁ መጠቀም ይቻላል። ለእሬትና ለቁልቋል የአሸዋው ወይም የጠጠሩ ድርሻ ከፍ ይላል።

ቀድሞ ያገለገለ አፈርን ዳግም ለመጠቀም ያሰበ ሰው በበጋ ወራት አፈሩን ትንሽ አርሶ፣ በስሱ ዘርግቶና ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ አፍኖ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠንካራ ፀሐይ ላይ ቢያቆየው በውስጡ ያሉ በርካታ ጎጂ ተሕዋስያን ይቀንሳሉ። የተዘጋጀ አፈር በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከረጢቱ ሲከፈትም ፊትን ራቅ አድርጎ፣ ከሥራው በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የውኃ ማጠጫ ቀን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአፈሩ ሁኔታ ይወሰን። ሰኔ ሲገባ የሚጠጣውን ውኃ መቀነስ፣ ዕቃዎችን አራርቆ ማስቀመጥና ዝናብ በሚያባራበት ሰዓት መስኮት መክፈት ምንም ወጪ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው።

የባለሙያ ምክር ማግኘት ሲያስፈልግ

ከላይ የተገለጹት እርምጃዎች ተወስደው ለውጥ ካልታየ ወይም ችግሩ ከአንዱ ተክል ወደ ሌሎች ከተዛመተ በአቅራቢያዎ ከሚገኝ የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ምክር ይጠይቁ። ሲሄዱ የተክሉን ቅጠል፣ የአፈሩን ገጽና የዕቃውን ሥር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ይያዙ። በየስንት ቀኑ ውኃ እንደሚያጠጡ፣ አፈሩ ከየት እንደመጣና ምን ማዳበሪያ ወይም ኬሚካል እንደተጨመረበት ማስታወሻ ይውሰዱ። ይህ መረጃ ባለሙያው መንስኤውን ለመለየት የሚያስፈልገውን ጊዜ ያሳጥራል። በቤትዎ ውስጥ ካለ ሻጋታ ጋር የሚያያዝ የማያቋርጥ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ቅድሚያ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።